መርዶ ያልሰማች ልጅ

የሺሐረግ ታደሰ የሞተችው ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። ትኬት ተቆጣጣሪ ነበረች። ያለ ትኬት የተሳፈረ ጎረምሳ ጆሮ ይዛ እየጎተተች ሳለ ድንገት ለቀቀችውና ተቀመጠች፤ በዚያው ቀረች። ልቧ ነው ተባለ። ተሸክሞ ያወጣት ያው ጎረምሳ ነው፤ ቀብሯ ላይም ከሰው ሁሉ አብልጦ አልቅሷል።

በዚያው ሰዓት አንድ ልጇ ትንግርት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ደቡብ ፖርቱጋል ሴራ ሴካ በምትባል ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት ግድግዳ ቢጫ ቀለም እየቀባች ነበር። ትምህርት ቤቱ ተማሪ የለውም። በከተማዋ ከስድሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ወጣቱ ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወደ እኛ አገር ተሰዷል። ግድግዳው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ይቀባል። አንዱ የልጆች ቡድን ቀብቶ ሲሄድ የከተማው ሽማግሌዎች ይፍቁታል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቡድን እንደገና ይቀባዋል። የትንግርት ቡድን የደረሰው ከካምፓላ የመጡ ልጆች ቀብተውት በተፋቀው ላይ ነው። ጥግ ጥጉ ላይ የእነሱ ሰማያዊ ቀርቷል።

የሟች እህት አስካለ፣ ገና ድንኳን ሳይተከል፣ መጀመሪያ የደወለችው ለ«ደግ ክረምት» ነው። ደግ ክረምት ልጆቹን የላከው ድርጅት ነው።

«ልጅቱ እንዳትሰማ!» አለች እየተንሰቀሰቀች። «በሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት... ልጄ ትሞትብኛለች። ጨርሳ ትምጣና ቤቷ ገብታ ከእኔው አፍ ትስማው።»

ማንም የአገሯ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ አገር ፈተና ላይ የተቀመጠ ልጅ እናቱ ከሞተች ወር ቢያልፋትም፣ ተመርቆ፣ አበባውን ይዞ ከመጣ በኋላ ነው የሚነገረው፤ በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ። አስካለ ወጉን ጠንቅቃ ታውቃለች። ያላወቀችው ወጉን ለማን አደራ እንደሰጠች ነው።

«ይገባናል እናታችን፤ እኛም ባህላችንን እናከብራለን፤» አላት ስልኩን ያነሳው ወጣት። «ግን በውላችን ወላጅ ለልጁ ማታ ማታ ይደውላል። እሱን ምን እናድርገው?»

አስካለ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«አይጨነቁ። የእህትዎ ድምፅ እኛ ዘንድ ተቀድቶ አለ። ልጅቷ እስክትመለስ በማሽን እኛው እናስደውላለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ፤» አለች አስካለ። ከልቧ ነው ያመሰገነችው።

በዚያ ዘመን መሰናዶ ትምህርት ቤት ለመግባት የሒሳብ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ሰባ የርኅራኄ ነጥብም ያስፈልጋል። ነጥቡን ቆጥሮ የሚያሳየው ልጆቹ እጅ ላይ የሚታሰር አምባር ነው። ሰው አሳዝኖህ፣ አዝነህም አንድ ነገር ስታደርግለት አምባሩ አረንጓዴ ይበራል። ማስመሰል አይቻልም፤ ብዙዎች ሞክረው አይተውታል። የባለጸጋ ልጆች በየክረምቱ አገር እየቀያየሩ ነጥባቸውን ቀስ እያሉ ይለቅማሉ። ትንግርት ግን ያላት ይህ አንድ ክረምት ነው፤ ለእሱም እናቷ ስንት ሌሊት ተጨማሪ ፈረቃ ገብታለች።

የቡድኑ ውሎ እንዲህ ነው። ጠዋት ተሰልፈው የደግነት መዝሙር ይዘምራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የተመደበለትን ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቁርስ ሊያበላ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ልጆቹ ሳይነሱ በራሳቸው እጅ ቁርሳቸውን በልተዋል። በልጆቹ እጅ የሚበሉት ሁለተኛ ቁርስ ነው። አንዳንዱ ሆዱን ያመዋል፣ ግን አፉን ይከፍታል፤ አፍ ካልተከፈተ ድርጅቱ የሚከፍልላት የከተማዋ ውኃም መብራትም አይመጣም። ከሰዓት በኋላ ጀብዱ ነው፦ ባሕር በዋጣቸው ሆቴሎች ላይ በታንኳ መቅዘፍ፣ ከውኃው ብቅ ያለ በረንዳ ነክቶ መመለስ፣ ገደል መውጣት። ማታ ስልክ ነው።

የትንግርት ድርሻ ዶና ኤልቪራ የሚባሉ የሰማንያ ሁለት ዓመት አሮጊት ናቸው። ልጃቸው አዳማ ሆቴል ውስጥ ወለል ያጸዳል። እጃቸው ደህና ነው፤ ማንኪያ መያዝ ግን አይፈቀድላቸውም። ማክሰኞና ዓርብ ያለቅሳሉ።

ቡድኑ የገጠመው ችግር የአምባሮቹ አለመብራት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ቦግ ቦግ ብለዋል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልጆቹ የዶና ኤልቪራን የለቅሶ ቀናት ደርሰውባቸው ነበር። የሽማግሌዎቹ ሐዘን ስንት ቡድን ሲያዝንለት ኖሮ አልቋል፤ እንደ ተፋቀው ግድግዳ የቀረው ጥግ ጥጉ ላይ ብቻ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ከሰባ የደረሰ ልጅ አንድም አልነበረም። የቡድኑ አስተባባሪ ጋሽ ደርበው እንቅልፍ አጡ። ጋሽ ደርበው ክፉ ሰው አይደሉም። ልጆች ይወዳሉ፣ ቀልድ ያውቃሉ፣ ባዶ እጁን የተመለሰ ቡድን ግን መርተው አያውቁም።

ረቡዕ ጠዋት ትንግርት ወደ ዶና ኤልቪራ እንደሄደች ሌሎቹን ልጆች ምግብ ቤት ሰበሰቧቸው።

«አንድ ከባድ ነገር ልነግራችሁ ነው፤» አሉ። «የትንግርት እናት ትናንት ዐርፋለች። እሷ አታውቅም። አገር ቤት እስክትገባ እንዳትሰማ ቤተሰብ አደራ ብሏል። የምነግራችሁ አፍ እንዳያመልጣችሁ ነው።»

ከዚያ ነዒማ የምትባለው የትንግርት ክፍል ተጋሪ «ውይ እሷን!» አለችና አፏን ያዘች። አንዱ ልጅ ተነስቶ የትንግርትን ባዶ ወንበር አስተካከለ። የዚያ ልጅ አምባር በራ። ቀጥሎ የነዒማ በራ። ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ ችግኝ ጣቢያ መሰለ።

ጋሽ ደርበው በዓይናቸው እንባ ሞልቶ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ሳይደግስ አይጣላም፤» አሉ ለራሳቸው።

ከሰዓት በኋላ ለአስካለ ደወሉላት። መርዶው እዚሁ፣ በመጨረሻው ማለዳ ቢነገር ይሻላል አሏት፤ ጓደኞቿ አሉ፣ ሐኪም አለ፣ ቤተሰብም በቀጥታ ያየዋል።

«ኧረ ቤቷ ነው እንጂ!» አለች አስካለ። «የእናቷ ቤት እያለ?»

«አውሮፕላን ላይ ከማያውቃት ሰው አፍ ብትሰማውስ? ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?»

አስካለ ዕድሜዋን ሁሉ የተማረ ሰው ያለውን ስትቀበል የኖረች ናት። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ፤» አለች።

ትንግርትን መጀመሪያ የገረማት ሥጋው ነው። የዚያን ቀን ምሳ ላይ የሁሉም ልጅ የሥጋ ድርሻ እሷ ሳህን ላይ ተከመረ። ካርታ ሲጫወቱ አሸነፈች፤ ካርታ አሸንፋ አታውቅም። ታንኳው ላይ የፊተኛው መቀመጫ ተለቀቀላት። ስሟን ለመያዝ ሁለት ሳምንት የፈጀበት ናሁሰናይ የሚባል የቦሌ ልጅ ተንበርክኮ የጫማዋን ክር አሰረላት። ቀና ሲል አምባሩ አረንጓዴ ነበር፤ ሮጦ ሄዶ ለጋሽ ደርበው አሳየ።

ወዲያው ተራ ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር ካልተደራጀ ይባክናል፤ አንዱ ደጋግሞ ሲያጽናና ሌላው ሳይደርሰው ይቀራል። ጠዋት አብሯት የሚራመድ፣ ከሰዓት ጎኗ የሚቀዝፍ፣ ከራት በፊት ፀጉሯን የሚሠራ ተመደበ። ጋሽ ደርበው ፍትሐዊ ሰው ስለሆኑ ነጥቡ ዝቅ ላለ ልጅ ረዘም ያለ ጊዜ ሰጡ። ነዒማ ከሁሉ ዝቅ ያለች ስለነበረች ምሽቱ በሙሉ የእሷ ሆነ።

ነዒማ ሳቂታ ልጅ ናት። ከዚያ ረቡዕ በፊት ሁለቱ ልጆች በሳሙና፣ በመስኮትና በትራስ ሲጣሉ ነው የከረሙት፤ ተጣልተውም ሳይተኙ ይታረቃሉ። አሁን ነዒማ መስኮቱን እንደፈለግሽ፣ ሳሙናውንም ውሰጂው ትላለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለቻት ትንግርት።

«ምን ሆንኩ?»

«ለምን አትጣዪኝም?»

«ወድጄሽ ነዋ፤» አለች ነዒማና ሳቀች። ሳቋ አላማረም።

እናቷም ተለውጣለች። የሺሐረግ በሕይወት ሳለች ስትደውል ከኋላዋ ባቡር እየጮኸ ነው። «በላሽ? ምን በላሽ? ያን ሹራብ ለብሰሻል? ምን ያንተባትብሻል፣ ተናገሪ እንጂ! በይ ባቡር መጣብኝ፤» ትልና በመሃል ትዘጋዋለች። ደህና እደሪ ብላ አታውቅም። ከማክሰኞ ማታ ወዲህ ግን ባቡሩ የለም። «እንዴት ዋልሽልኝ የኔ ማር?» ትላለች። ትንግርት የመጀመሪያው ማታ ሳቀች። ሁለተኛው ማታ እናቷ ደስ የሚል ነገር አግኝታ ይሆናል ብላ አሰበች። ሦስተኛውም ማታ እንዲሁ አለፈ፤ ከዚያ ዓርብ ጠዋት መጣ።

ዓርብ የዶና ኤልቪራ የለቅሶ ቀን ነው። አላለቀሱም። በመስኮት ናሁሰናይን ያዩት ነበር፤ አበባ ይዞ በር ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

«ያ ልጅ ምን ፈልጎ ነው?» አሉ። የሚናገሩት በጆሮዋ ባለው ተርጓሚ በኩል ይደርሳታል።

«ምንም፤ ደግ ልጅ ነው።»

አሮጊቷ ሳቁ። ተርጓሚው ሳቅ አይተረጉምም።

«ልጄ፣ እኔ ስንት ክረምት ሙሉ ደግነት ሲሠራብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ሰው በዚያ ዓይን የሚያየው የጎደለበትን ነው። ቤትሽ ማን አለ?»

«እናቴ። እናቴ ብቻ።»

ዶና ኤልቪራ ሌላ አልጠየቁም። ማንኪያውን ከልጅቷ እጅ ወሰዱና ገንፎውን ጨለፍ አድርገው ወደ እሷ አፍ አቀረቡት። «ብዪ፤» አሉ። እሳቸው እጅ ላይ አምባር የለም። ትንግርት ጎረሰች።

የዚያን ቀን ማታ ስልኩ ሲጮኽ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እግሯ ላይ ያለው የተራራ ጫማ እናቷ ከባለሱቅ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰንብታ የገዛችላት ነው። «ይህን ከጣልሽ እግርሽንም ጥለሽ ነይ!» ብላ ነው የሸኘቻት።

«እማዬ፣» አለች ትንግርት፣ «ጫማዬን ባሕር ውስጥ ጣልኩት።»

ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ስድቡን በቃሏ ታውቀዋለች፦ አንቺ ዝርክርክ! ቁርጥ አባትሽን! ምን አጥፍቼ ነው አንቺን የሰጠኝ! ያንን ስድብ በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ፈልጋው አታውቅም።

«አይዞሽ የኔ ማር፤» አለ ድምፁ። «ጫማ ይገዛል። ዋናው አንቺ ደህና መሆንሽ ነው።»

ድምፁ የእናቷ ነው፤ ሻካራነቱም፣ ቃል ከመጀመሯ በፊት የምትስባት ትንፋሽም ሳይቀር። ትንግርት «እሺ እማዬ» አለች። ድምፁ «ደህና እደሪልኝ» አላት።

አወቀች። አላለቀሰችም። ይህን የሚረዳ የአገሯ ሰው ብቻ ነው፦ መርዶ ያልተነገረው ሰው እናት አለው። ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅ፣ እሱም ራሱ በሆዱ ቢያውቅ፣ ጉሮሮውን የሚጠርገው ሽማግሌ እስኪመጣ ድረስ እናት አለው። እዚህ ካለቀሰች እናቷ እዚህ፣ የተፋቀው ግድግዳ ሥር ትሞትባታለች። ትንግርት ቤቷ መግባት ፈለገች። የእናቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ የእናቷ ካፖርት በር ላይ ተሰቅሎ እያየች፣ ከአክስቷ አፍ መስማት ፈለገች። ከዚህ ዓለም የፈለገችው ነገር ይኸው ነበር፤ ሰባውን ነጥብም ረስታዋለች።

በማግስቱ ነዒማ ፀጉሯን ስትሠራት እጇን ያዘቻት።

«ነዒማ፣ የምታውቂው ነገር ካለ እንዳትነግሪኝ። እዚህ እንዳይነግሩኝ ብቻ እርጂኝ። እባክሽ፣ ቤቴ እስክገባ።»

ነዒማ አቀፈቻት። ጥብቅ አድርጋ ነው ያቀፈቻት። ትንግርት በትከሻዋ በኩል ግድግዳው አረንጓዴ ሲሆን አየች። ጀርባዋ ላይ ያለው የነዒማ እጅ ቀስ ብሎ ሲገለበጥም ተሰማት።

«ስንት ደረሰ?» አለች ትንግርት።

«ስድሳ ስምንት፤» አለች ነዒማ፣ ሳታስበው።

ከዚያ አፏን ይዛ አለቀሰች። አፈረች፣ ጓደኛዋም አሳዘነቻት፤ ሁለቱም እውነት ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አምባሩም ይህን ያውቃል። ለቅሶዋ ሳያልቅ ሰባ ገባ።

ትንግርት የቀራት ጋሽ ደርበው ጋ መሄድ ነበር። ታንኳ ሲቆጥሩ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አገሬ ልሂድ።»

«ምነው ልጄ? አመመሽ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ።» መሬት መሬት እያየች ነው የምትናገረው። «የሚነገረኝ ነገር ካለ ቤቴ ገብቼ ከአክስቴ አፍ ልስማው። እዚህ አይሁንብኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

ጋሽ ደርበው ራሷን ዳበሱ። የአስተባባሪም አምባር አለው፤ የእሳቸውም በራ።

«ምን የሚነገር ነገር አለ ብለሽ ነው? ሂጂ ተጫወቺ፤ ልጅነት አያልፍሽ።»

ከዚያ በኋላ ትንግርት ማንንም አልለመነችም። የሚሰጣትን ሥጋ በላች። አበባውን ተቀበለች። ማታ ማታ «እሺ እማዬ» አለች። ጋሽ ደርበው ልጅቷ ነገር ሳይገባት አይቀርም ብለው ለድርጅቱ ነገሩ፤ ድርጅቱም ቢገባት ምንም አይደለም፣ ሥርዓቱ እንደታቀደው ይቀጥል አለ።

የመጨረሻው ማለዳ ሐሙስ ነው። ገና ሳይነጋ ልጆቹ በሙሉ ነጠላ ዘቅዝቀው ለብሰው የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ነጠላው ለዚሁ ጉዳይ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተላከ ነው። የከተማው ሽማግሌዎች ከኋላ ወንበር ተሰጣቸው፤ ማዘን እንዳለባቸው ተነገራቸው። ካሜራው ግድግዳው ጋ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አስካለ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና በቀጥታ ታያለች። ትንግርትን ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ይዘው አመጧት። አንዷ ነዒማ ናት፤ ተራው የእሷ ስለነበረ።

ጋሽ ደርበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችን ትንግርት፣ እንግዲህ የሰው ልጅ በዚህ ዓለም ሲኖር...»

«ይቆዩኝ ጋሼ፤» አለች ትንግርት። «እናቴ ጋ ልደውል።»

ስልኳን አወጣችና ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ከፈተችው። ማንም አልከለከላትም። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ የገመተ አልነበረማ።

«እንዴት አደርሽልኝ የኔ ማር?» አለ ድምፁ።

«ደህና ነኝ እማዬ። ጓደኞቼ ሁሉ አሉ። ጋሽ ደርበውም እዚህ ናቸው። የሚነግሩኝ ነገር አለ መሰለኝ።»

«ውይ! እንደምን አደራችሁ ልጆቼ? ጋሽ ደርበው፣ ልጄን ስለያዙልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ትንግርት ጋሽ ደርበውን ቀጥ ብላ አየቻቸው። ያፍራሉ ብላ ነበር። እናት እየተናገረች መርዶ የሚያወራ አፍ በዓለም ላይ የለም ብላ ነበር። ከዚህ ሁሉ ልጅ አንዱ ተነስቶ «በቃ፣ ተዉአት!» ይላል ብላ ነበር። ዕቅዷ ይኸው ብቻ ነው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ዕቅድ ነው።

መጀመሪያ የፈነዳው ናሁሰናይ ነው። እሪ ብሎ አለቀሰ። ቀጥሎ ነዒማ፣ ቀጥሎ ሁሉም። አንድም አላስመሰለም። እንዲህ ያለ የሚያሳዝን ነገር ዓይተው አያውቁማ። አምባሮቹ በአንዴ በሩና ቢጫው ግድግዳ አረንጓዴ ሆነ። የልጆቹ ፊትም አረንጓዴ ሆነ።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» አለ ድምፁ በለቅሶው መሃል። «ማን ሞቶ ነው?»

ጋሽ ደርበው ሥራቸውን ያውቃሉ። ቀረብ አሉና የትንግርትን ትከሻ ይዘው፣ ከስልኩ በላይ፣ በጠራ ድምፅ ጨረሱት።

«ልጄ፣ እናትሽ ዐርፋለች።»

«አይዞሽ የኔ ማር፤» አላት ስልኩ።

ሰው ሁሉ ትንግርትን ጠበቀ። ካሜራው ቀረበ። ሐኪሙ ተነሳ። ልጅቷ ቆማለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው፣ አምባሯም ጥቁር። ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ቆመች። መጨረሻ ላይ ከኋላ አንድ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማና ዶና ኤልቪራ መጡ። ስልኩን ከእጇ ወስደው ዘጉት። ቀኑ ማክሰኞም ዓርብም አልነበረም፤ ዶና ኤልቪራ አለቀሱ።

ድርጅቱ በታሪኩ እንዲህ ያለ ነጥብ ያመጣ ቡድን አልነበረውም። ከአንዲት ልጅ በቀር ሁሉም አለፉ። ትንግርት ሃምሳ አንድ ላይ ቀረች። የድርጅቱ ገምጋሚ «በእናቷ ሞት እንኳ ስሜት አልታየባትም» ብሎ አስተያየት ጨመረበት። አስተያየቱን ሲጽፍ አዝኖላት ነበር።

አውሮፕላኑ ላይ ጋሽ ደርበው መተላለፊያው መሃል ቆሙ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነበር።

«ልጆች፣ ለሚመጣው ክረምት ታናሽ ወንድም፣ ታናሽ እህት ያላችሁ ከወዲሁ ንገሩኝ። ቤት ውስጥ የታመመ ያለበት ቅድሚያ ያገኛል።»

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ አያቴ ታማለች። አያት ይቆጠራል?»

ጋሽ ደርበው አሰብ አደረጉ። «አያት ግማሽ ነው።»

ትንግርት መስኮቱ ጋ ነበረች። መስኮቱን ማንም አልለቀቀላትም፤ በትኬቷ ነው የደረሳት። ነዒማ ሌላ ቦታ ሄዳ ተቀምጣለች፤ ተራ የሚባል ነገር ቀርቷል። ምግብ ሲመጣ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ክርኗን ገፍቶ ሥጋውን ለብቻው በላ።

ደብረ ብርሃን ስትደርስ ድንኳኑ ተነስቶ፣ ወንበሩም ወደ ዕድሩ ተመልሶ ነበር። እንደ ወጉ ከሩቅ የመጣ ሐዘንተኛ ሲገባ ሰፈሩ እንደ አዲስ ይሰበሰባል፣ እንደ አዲስ ያለቅሳል። ሰፈሩ ግን ሐሙስ ጠዋት በቀጥታ ስላየው አልቅሶ ጨርሷል። አስካለ በር ላይ ተቀብላ አቀፈቻት። ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ የሚነገር አልቀረም። «ገብተሽ ዕረፊ፤» አለቻት። ሁለት ጎረቤቶች ከአጥር ወዲያ ቆመው አዩአት።

«ለእናቷ ያላለቀሰችው ይቺ ናት፤» አለች አንዷ።

«ምን ዓይነት አንጀት ነው!» አለች ሌላዋ።

ትንግርት ገብታ የእናቷ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ካፖርቱ በር ላይ ተሰቅሏል። በውሉ መሠረት ድምፁ የሚያበቃው የዚያን ቀን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ጥቂት ሲቀረው ስልኩን አነሳች።

«እማዬ።»

«ወዬ የኔ ማር።»

«ተቆጪኝ።»

«እንዴት አድርጌ ልቆጣሽ የኔ ማር?»

ትንግርት አስጠናቻት። «ባቡር መጣብኝ በይ። አንቺ ዝርክርክ በይ። ቁርጥ አባትሽን በይ። ምን አጥፍቼ ነው አንቺን የሰጠኝ በይ።»

ድምፁ አንድም ሳያስቀር ይደግም ጀመር፤ በለሆሳስ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው።

«ባቡር መጣብኝ የኔ ማር። አንቺ ዝርክርክ። ቁርጥ አባትሽን። ምን አጥፍቼ ነው አንቺን—»

አንድ ሰዓት ሞላ። ደህና እደሪ ሳይላት በመሃል ዘጋባት። እናቷ የምትዘጋው ልክ እንዲህ ነበር።

ያን ጊዜ ትንግርት አለቀሰች። አልጋው ላይ ተደፍታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኻ አለቀሰች። አምባሩን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አስረክባለች፤ የነጥቡ ቆጠራም ተዘግቷል። ይህ ለቅሶ ለማንም አልተያዘም።